ግራምን ወደ ብርጭቆና ማንኪያ መመለስ፦ የአንድ የወጥ ቤት ሠንጠረዥ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሥራው መነሻ

በሰፈራችን ለምሰጠው የዳቦና የኬክ ሥልጠና ያዘጋጀኋቸው ወረቀቶች በሙሉ በግራም የተጻፉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሠልጣኞች ግን ቤታቸው ሚዛን የላቸውም። ያላቸው የሻይ ብርጭቆ፣ የቡና ስኒ፣ የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ግብዓት ክብደት ወደ ይዘት የሚመልስ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅና ቁም ሣጥን በር ላይ ሊለጠፍ የሚችል ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት ተነሣሁ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ሠንጠረዦች ለዚህ ሥራ አይበቁም፤ ሽሮና በርበሬ የሉባቸውም፣ ያሉትንም ግብዓቶች በየትኛው ኩባያና በምን አሞላል እንደለኩ ብዙዎቹ አይገልጹም።

የኩባያው ነገር ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ኩባያ 236.6 ሚሊ ሊትር ነው፤ እዚያው አገር በምግብ ማሸጊያ ላይ ለሚጻፈው መረጃ ግን 240 ይባላል። የአውስትራሊያ 250፣ የጃፓን ደግሞ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያም በአብዛኛው አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። እኔ 250፣ 15 እና 5 ሚሊ ሊትርን መረጥሁ፤ ኩባያው የሊትር ሩብ ስለሚሆን ማንም ሰው አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ሊያረጋግጠው ይችላል።

አንደኛ ሳምንት፦ መሣሪያዎቹና የዕቃዎቹ ልክ

እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ከመርካቶ በ1,700 ብር ገዛሁ። ከመድኃኒት ቤት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ወሰድሁ፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተቀረው ቤት ውስጥ ያለ ነው፦ ወንፊት፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ቢላ፣ ማስመሪያ እና መስታወት ላይ መስመር ለማስመር የጥፍር ቀለም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕቃው ራሱ ስንት እንደሚይዝ ነው። ባዶውን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ውኃ እስከ አፉ መሙላት፣ ከዚያም የታየውን ግራም እንደ ሚሊ ሊትር መውሰድ ይቻላል፤ ምክንያቱም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ 0.998 ግራም ይመዝናል። ውኃው ግን ቀዝቃዛ ወይም የክፍሉን ሙቀት የያዘ መሆን አለበት። በ80 ዲግሪ ክብደቱ ወደ 0.972 ስለሚወርድ በአንድ ሊትር ላይ 28 ግራም ገደማ ይጎድላል።

በዚህ ደረጃ አንድ ጥያቄ አሳስቦኝ ነበር። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ በመሆኗ የስበት ኃይሏ በአውሮፓ ካለው በሺህ ሦስት ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ እዚያ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ አንድ ኪሎውን 997 ግራም አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን ውኃውንም ዱቄቱንም በአንድ ሚዛን እስከመዘንሁ ድረስ ስሕተቱ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ የሠንጠረዡ መሠረት የሆነው የዱቄትና የውኃ ንጽጽር አይነካም። ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ስለ ሚዛኑ ትክክለኛነት መጨነቅ ተውሁ።

የሻይ ብርጭቆው እስከ አፉ 212 ሚሊ ሊትር ያዘ። ስኒዎቹ ከአንዱ ስብስብ ወደ ሌላው ይለያያሉ፤ የእኔ 72 ሲይዝ የጎረቤት 80 ያዘ። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው «ግማሽ ብርጭቆ» የሚባለው ነው። ብርጭቆው ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያለ ስለሆነ በዓይን ግማሽ ቁመቱ ላይ ሲሞላ የያዘው 88 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን እውነተኛው ግማሽ ግን 106 ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ግማሽ» ብሎ መጻፍ ያለ ምልክት ምንም ዋጋ ስለሌለው፣ ብርጭቆው ውስጥ 106 ግራም ውኃ ጨምሬ ውኃው በደረሰበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አሰመርሁ፤ ሩቡንም እንዲሁ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ማንኪያዎች

በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን አንድ ማንኪያ እርሾ ለመመዘን አይበቃም። አምስት ግራም የሚል ንባብ እስከ ግማሽ ግራም ግራና ቀኝ ሊያዛባ ይችላል፤ ይህም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ነው። መፍትሔው አሥር ማንኪያ በተከታታይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል ሆነ። ሌላው እንቅፋት ሚዛኑ ከዜሮ አካባቢ ጥቂት በጥቂት የሚጨመርበትን አለመቁጠሩ ነው፤ እነዚህ ሚዛኖች ዜሮን ጠብቀው ለመቆየት ሲሉ ትንንሽ ለውጦችን ራሳቸው ያጠፏቸዋል። እርሾ ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ስጨምር ቁጥሩ ከዜሮ ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያ በኋላ ሳህኑን ወደ ዜሮ ሳልመልስ ከነክብደቱ እያነበብሁ ልዩነቱን በወረቀት መቀነስ ጀመርሁ፣ የሚጨመረውንም በአንድ ጊዜ መገልበጥ።

ማንኪያዎቹን በውኃ ሲለኳቸው ውኃው ከጠርዙ በላይ እብጥ ብሎ ስለሚቆም ልካቸው ከእውነቱ ይበልጣል። በሲሪንጅ ቀስ እያሉ መሙላትና የውኃው ገጽ ከጠርዙ ጋር እኩል በሆነበት ቅጽበት ማቆም ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ «የሾርባ ማንኪያ» የሚባሉት ከ10 እስከ 14 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያዎቹ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ያዙ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ማንኪያ በሲሪንጅ እንዲለካና የሚይዘውን ሚሊ ሊትር በሠንጠረዡ ግርጌ እንዲጽፍ የሚያዝዝ መስመር ጨመርሁ። ይህ መስመር ባይኖር ኖሮ የቀረው ሠንጠረዥ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

ሦስተኛ ሳምንት፦ የፉርኖ ዱቄት

ሥራው የከበደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ኩባያ፣ አንድ ከረጢት ዱቄት፣ አራት አሞላል። ዱቄቱን በወንፊት ነፍቼ በቀጥታ ኩባያው ውስጥ ሳወርደውና ጠርዙን በቢላ ጀርባ ሳስተካክለው 116 ግራም መዘነ። በማንኪያ ቀስ አድርጌ ሞልቼ ሳስተካክለው 128 ሆነ። ኩባያውን ራሱን ከረጢቱ ውስጥ ነክሬ ስቀዳው 152 ደረሰ። ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ፣ እየጎደለ ሲሄድም እየሞላሁ፣ መስመጡ እስኪያቆም ድረስ ሳስተካክለው 172 ግራም ያዘ። ዱቄቱም ኩባያውም ያው ሆኖ ሳለ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 56 ግራም ልዩነት አለ።

ይህ በሊጡ ላይ ምን እንደሚያመጣ ማስላት ተገቢ ነው። የዳቦው ወረቀት 500 ግራም ዱቄትና 325 ሚሊ ሊትር ውኃ ይላል፤ ውኃው ከዱቄቱ ክብደት 65 በመቶ ነው ማለት ነው። ሠንጠረዡ 128ን መሠረት አድርጎ «አራት ኩባያ» ቢል በማንኪያ የሞላ ሰው 512 ግራም ያገኛል፤ ይህ ምንም አይደለም። ኩባያውን ነክሮ የቀዳው ግን 608 ግራም ይዞ በዚያው ውኃ ያቦካል፤ ውኃው ወደ 53 በመቶ ወርዶ ሊጡ ደርቆ እጅ ይታገላል፣ ዳቦውም ድፍን ያለ ይወጣል። ሠልጣኞቼ ደጋግመው «በወረቀቱ መሠረት ሠርቼ ደረቀብኝ» ሲሉኝ የነበረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ታየኝ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ወረቀቱ አሞላሉን አልነገራቸውም።

ኩባያና ማንኪያ በቢላ ተስተካክሎ ይለካ የሚለውን ልማድ በአሜሪካ በማስፋፋት ስሟ የሚነሣው የቦስተኗ የምግብ ዝግጅት መምህርት ፋኒ ፋርመር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ልኬትን ደንብ አበጀችለት። ጠርዝን ማስተካከል ግን የላይኛውን ገጽ እንጂ በዱቄቱ መካከል የታቆረውን አየር አይመለከትም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ከቁጥሩ ጎን የአሞላሉ መንገድ የግድ መጻፍ እንዳለበት ወሰንሁ፤ ለጊዜውም «በማንኪያ ተሞልቶ በቢላ የተስተካከለ» የሚለውን፣ 128 ግራሙን፣ ያዝሁ።

አራተኛ ሳምንት፦ ችግር የሌለባቸው

ስኳር፣ ዘይት፣ ወተትና ማር በአንድ ከሰዓት አለቁ። ስኳር በ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ 210 ግራም ገደማ ነው፤ እንክብሎቹ ጠንካራ ስለሆኑ አሞላሉ ብዙም አይለውጠውም፣ ስለዚህ 100 ግራም ለሚል ወረቀት 120 ሚሊ ሊትር ማለት ይቻላል። ዘይት 230፣ ወተት 258፣ ማር ደግሞ 355 ግራም ይመዝናሉ። የማሩ ቁጥር ብዙ ሰው ያስገርማል፤ 100 ግራም ማር 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ከአንድ ስኒ ያነሰ። ኩባያውን አስቀድሞ ዘይት ማስነካት ማሩ ተጣብቆ እንዳይቀር ይረዳል።

የጤፍ ፍሬ 204፣ ምስር ደግሞ 203 ግራም ሆኑ። በመጠን የማይቀራረቡ ሁለት ፍሬዎች በኩባያ ውስጥ እኩል መመዘናቸው አስደስቶኛል።

ቅቤ ጥቂት ብልኃት ይጠይቃል። የረጋ ቅቤ ኩባያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ማዕዘኑ ላይ አየር ይታቆራል። ምልክት ባለው ማሰሮ ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አድርጎ ቅቤውን መጨመርና የውኃው ከፍታ የጨመረበትን ማንበብ ይሻላል፤ ቅቤ ስለሚንሳፈፍ ግን በሹካ ጫፍ ተጭኖ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት። በዚህ መንገድ 250 ሚሊ ሊትር የረጋ ቅቤ 240 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ተነጥሮና ቀልጦ ሲለካ 227 ግራም ነው። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱ በሁለት መስመር ተጽፈዋል።

አምስተኛ ሳምንት፦ ጨውና እርሾ

ሁለቱም በትንሹ የሚገቡ፣ ግን ስሕተታቸው ወዲያው የሚታወቅ ግብዓቶች ናቸው። ደቃቅ ደረቅ ጨው በ5 ሚሊ ሊትር ማንኪያ ተስተካክሎ 6 ግራም ይመዝናል። ሻካራው 5 ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበት የሳበው ደግሞ እየተጓጎለ አንድ ጊዜ ይበዛል አንድ ጊዜ ያንሳል። ለ500 ግራም ዱቄት የሚገባው 10 ግራም ጨው በደቃቁ አንድ ማንኪያ ከሁለት ሲሶ፣ በሻካራው ሁለት ማንኪያ ይሆናል። ማንኪያው ተቆልሎ ከተሞላ ግን ደቃቁ 9 ግራም ስለሚደርስ «ሁለት ማንኪያ» የሚለው ቃል ወደ 18 ግራም ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ለዳቦ ከልክ ያለፈ ነው፣ እርሾውንም ያዘገየዋል። እርጥብ ጨው በምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ደርቆ፣ ተፈርክሶ እንዲለካ የሚል ማሳሰቢያ ጻፍሁ።

ደረቅ ፈጣን እርሾ በ5 ሚሊ ሊትር ማንኪያ 3 ግራም ያህል ነው። ባለ 7 ግራም ፖስታ ሁለት ማንኪያ ከሩብ ይሆናል።

ስድስተኛ ሳምንት፦ በሌሎች እጅ የተደረገ ሙከራ

ሠንጠረዡን ለሌሎች ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ሠልጣኞችን ቤቴ ጠርቼ እያንዳንዳቸው አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት «በማንኪያ ሞልተው በቢላ እንዲያስተካክሉ» ጠየቅኋቸው። መመሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከ119 እስከ 137 ግራም ተበታተነ። አንዷ ማንኪያውን ከፍ አድርጋ ታፈስሳለች፣ ሌላዋ ጠጋ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ሁሉም መመሪያውን ፈጽመዋል፣ ቁጥሩ ግን አልተገናኘም።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ኩባያውን ሞልተው ሲያበቁ ሳያስቡት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። እንዳይመቱት ስነግራቸው «ልጄ፣ ሳይነቀነቅ የተሰፈረ ምኑ ሙሉ ይባላል?» አሉኝ። ንግግራቸው ሥራውን አቅጣጫ አስለወጠው። ገበያ ላይ እህል ሲሰፈር ገዢ «ነቅነቅ አድርገው» ብሎ ነው የሚቀበለው፤ የለመደው እጅ ዕቃ ሲሞላ በተፈጥሮው ይነቀንቃል። እኔ ደግሞ ያንን ልማድ የሚከለክል ሠንጠረዥ እየጻፍሁ ነበር።

ስለዚህ በተቃራኒው ሞከርሁ። ሁሉም ኩባያቸውን ጠረጴዛ ላይ እየመቱ፣ እየጎደለ ሲሄድም እየጨመሩ፣ ዱቄቱ መስመጡን እስኪያቆም ድረስ እንዲሞሉና ከዚያ እንዲያስተካክሉ አደረግሁ። ውጤቱ ከ169 እስከ 174 ግራም ብቻ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፦ በማንኪያ ሲሞላ በመካከል የሚቀረው አየር በእጁ ልማድ ይወሰናል፤ ተነቅንቆ ከሰመጠ በኋላ ግን ዱቄቱ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ስለሌለው ማንም ቢሞላው ወደ አንድ ልክ ይደርሳል። አሞላሉን የሚገልጹ የውጭ ሠንጠረዦች «አትምቱት» የሚሉት ቁጥራቸው በላላ አሞላል ላይ ስለተመሠረተ ነው። የእኔ መነሻ ግራም ስለሆነ የየትኛውንም ኩባያ ልማድ የመከተል ግዴታ የለብኝም።

ዱቄትን የሚመለከቱትን መስመሮች በሙሉ ሰርዤ እንደገና ጀመርሁ። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት አሁን «ተነቅንቆ የተሞላ ሦስት ኩባያ፣ ከአንዱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ተቀንሶ» የሚል ነው።

ሰባተኛ ሳምንት፦ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ

የጤፍ ዱቄት በላላ አሞላል ከ140 እስከ 165 ግራም ሲዋልል፣ ሲነቀነቅ 185 ግራም አካባቢ ረጋ። ከሌላ ወፍጮ ቤት የመጣው ደቀቅ ያለ ዱቄት ትንሽ ስለሚለይ፣ አዲስ ዱቄት ሲገባ አንድ ኩባያ መዝኖ ማረም ያስፈልጋል። ሽሮ ላልቶ 120፣ ተነቅንቆ 155 ግራም ነው።

በርበሬ በሾርባ ማንኪያ ሲለካ አላስደሰተኝም። ተስተካክሎ 7 ወይም 8 ግራም ይሆናል፤ ወጥ ሲሠራ ግን ማንም የተስተካከለ ማንኪያ አይጠቀምም፣ ቁልሉ ደግሞ እጥፉን ያህል ነው። ስለዚህ ለበርበሬ ስኒን መረጥሁ። ባለ 72 ሚሊ ሊትሩ ስኒ ተነቅንቆ 42 ግራም ይይዛል፤ 100 ግራም በርበሬ ሁለት ስኒ ከሲሶ ያህል ነው። ስኒ በየቤቱ አለ፣ ለመነቅነቅም ይመቻል፤ ለሽሮም በዚሁ መሠረት ሌላ ዓምድ አዘጋጀሁ።

የኮመጠጠ የእንጀራ ሊጥን በኩባያ መለካት ግን ትቼዋለሁ። አረፋውን እንደያዘ ሲቀዳ 190 ግራም የመዘነ አንድ ኩባያ ሊጥ፣ ተማስሎ አረፋው ከወጣ በኋላ ያው ኩባያ ሲሞላ 255 ግራም ሆነ። ለአብሲት ተቀንሶ የሚወጣው ሊጥ በይዘት ከተለካ አስቀድሞ በደንብ መማሰል አለበት፤ ከዚህ የተለየ ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ አላስቀመጥሁም።

አሁን ያለበት ሁኔታና የቀረው ሥራ

ገጹ ተጽፎ በፕላስቲክ ተለብጧል። ለዳቦ ብቻ ዱቄቱን በየጊዜው ከመቁጠር የሚያድን አንድ ዕቃም አዘጋጀሁ። መጀመሪያ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጬ ሞከርሁ፤ ጎኑ በጣት ሲያዝ ስለሚታጠፍ የሚይዘው ልክ ይለዋወጣል፣ ዱቄቱም ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። በምትኩ የማርማላት ጠርሙስ ውስጥ 250 ግራም ዱቄት መዝኜ፣ መስመጡ እስኪያቆም ነቅንቄ፣ በደረሰበት ቦታ በጥፍር ቀለም አሰመርሁ። ሁለት ጊዜ እስከ መስመሩ ሲሞላ የዳቦው ዱቄት ተሟላ ማለት ነው፤ ወጪውም ምንም ያህል አይደለም።

ውኃው ላይም አንድ ጥንቃቄ ጨምሬያለሁ፦ በይዘት የተለካ ዱቄት ምንጊዜም ጥቂት ስለሚዛባ ከ325 ሚሊ ሊትሩ 40 ያህሉ ተቀምጦ፣ ሊጡ ከተያያዘ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ ይጨመራል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በራሳቸው ኩባያ ሲጠቀሙ ደግሞ በእያንዳንዱ ኩባያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ መጨመር ይበቃቸዋል፤ የ250ው እና የ236.6ቱ ልዩነት 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ነውና።

የቀሩት ቅመሞቹ ናቸው። የተፈጨ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ በማንኪያ ሁለት ግራም አካባቢ ስለሚሆኑ አሥር ማንኪያ የመመዘኑ ዘዴ ብዙ ቅመም ይጠይቃል፤ ኮረሪማ ደግሞ ለዚህ የሚባክን አይደለም። በ0.1 ግራም የሚያነብ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ለመዋስ ጠይቄያለሁ። እስኪገኝ ድረስ የቅመሞቹ ዓምድ ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ ወረቀቶቹም ለእነርሱ በግራም እንደተጻፉ ይቀጥላሉ።